እንስራዋን ትታ

በአመድ ረቡዕ፣ በምዕራባውያን የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ቀን፣ የምእመናንን ግንባር በአመድ የምንቀባበት ሳህን እስከ ጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ሳይታጠብ መስኮቱ ላይ ቆይቷል። ዘይት ይዞ የደረቀ ጥቁር ቀለበት ጠርዙ ላይ አለ፤ ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም፣ ሳሙናና ፍትጊያ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሳምንትም እንደዚሁ ነው። የአመድ ረቡዕ ድባብ አልፏል፣ ትንሣኤ ገና ሩቅ ነው፣ መሐል ላይ ያለ ሰው ያለ ምክንያት ይደክመዋል። ዛሬ ልቤን የከበደኝ ይኸው ይመስለኛል።

ሳህኑን ሳይ ስለ አመዱ ማሰብ ጀመርኩ። የሚቃጠለው ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ነው። ዓመት ቆይቶም ውስጡ እርጥበት ከያዘ ጭሱ ይበዛል፣ የሚተርፈውም አመድ ሳይሆን ቡናማ ፍርፋሪ ይሆናል። በትንንሹ ተቆርጦ፣ በብረት ዕቃ፣ ከቤት ውጪ፣ ነፋስ በሌለበት ይቃጠላል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ተወቅጦ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ ያልተነፋ ቃጫ ግንባር ይቧጭራል። ለአንድ ጉባኤ ጥቂት ማንኪያ ይበቃል። የወይራ ዘይቱ በጠብታ ነው፤ ከበዛ ወደ ቅንድብ ይወርዳል። ውኃ ግን በፍጹም አይጨመርም። አመድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጣዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ለማለስለስ ብሎ ውኃ ጠብ ያደርግና የምእመናንን ግንባር ያቀላል።

በአመድ ረቡዕ ምሽት የሚነበበው ማቴዎስ 6 ነው፦ ስትጦም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ። ይህ ተነቦ ሳይቆይ አመድ ግንባር ላይ ማድረግ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ስለዚህ አመዱ ለፈቃደኛ ብቻ እንደሆነ ከጥሪው በፊት በግልጽ መነገር አለበት። ያልፈለገ በወንበሩ ይቀመጣል፤ የተቀበለም ከበር ሳይወጣ ቢጠርገው ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

‹ለፈቃደኛ› የሚለው ቃል በፕሬስቢቴሪያን ቤት፣ በሽማግሌዎች በምትመራው በእኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ዋጋ የተከፈለበት ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1522 በዙሪክ፣ በዐቢይ ጾም፣ በአታሚው በፍሮሻወር ቤት ቋሊማ ተበላ። የከተማው የተሐድሶ ሰባኪ ዝዊንግሊ እዚያው ነበር፣ አልቀመሰም፤ በዚያው ጾም ግን ስለ ምግብ ነጻነት ሰበከ። እ.ኤ.አ. በ1645 በእንግሊዝ የወጣው የዌስትሚኒስተር የአምልኮ መመሪያም በዓላት የቃሉ ድጋፍ የላቸውምና አይቀጥሉ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ‹አባቶቻችን ጾምን ጠልተው ነበር› ይላል። ያው መመሪያ ግን ስለ ሕዝብ ጾም ራሱን የቻለ ክፍል አለው፦ ቀኑን ሙሉ ከምግብ፣ ከሥራና ከዓለማዊ ወሬ መከልከል፤ መብላት የሚፈቀድለት አቅም ያጣ ብቻ ነው። አጥብቀው ይጾሙ ነበር። እምቢ ያሉት ሕሊና በቀን መቁጠሪያ እንዲታሰር ነው። የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ በምዕራፍ 20 የሕሊና ጌታ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚለውም ለዚሁ ነው።

ስማችን ራሱ ‹ሽማግሌ› ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የሽማግሌዎች ጉባኤ የጌታ እራት የሚሰጥበትን ቀን ይወስናል፣ ተጨማሪ የጸሎት ምሽት ይጠራል፤ ‹ይህን ካልተዋችሁ› ብሎ ማንንም ማስገደድ ግን አይችልም። መጋቢውም ስብሰባውን ይመራል እንጂ ብቻውን አይቆርጥም። የጾሙ ወራት ዕቅድ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች መቅረብ ያለበት ለዚህ ነው። መጀመሪያ በመድረክ ተነግሮ ኋላ የሚጠየቁ ከሆነ ጥያቄያቸው በስብሰባ ላይ አይነሳም፤ በረንዳ ላይ ይነሳል። እዚያ ደግሞ መልስ የሚሰጥ የለም።

ማንም ሳያስገድደው ግን ሰው ለጾሙ የሚወደውን አንድ ነገር ይተዋል፣ እርስ በርሱም ይጠያየቃል፦ ‹ዘንድሮ ምን ተውሽ?› ‹አንተስ?› ቆጠራም አለ። ከአመድ ረቡዕ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ 46 ቀን ነው፤ ስድስቱ እሁዶች የትንሣኤ ቀን ስለሆኑ ከጾሙ አይቆጠሩም፣ 40 ይቀራል። ‹እሁድ የተውኩትን ልያዘው?› የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ይያዘው! የእሁድ ደስታ ጾሙን አይሰርቀውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የእሁዱ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በሚከተሉት የጋራ የንባብ መርሐ ግብር፣ በሦስት ዓመቱ ዑደት የመጀመሪያ ዓመት፣ የዮሐንስ ወንጌል ረጃጅም ታሪኮች ተከታትለው ይመጣሉ። በሦስተኛው እሁድ ኢየሱስን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ያገኘችው ሳምራዊቷ ሴት (ዮሐንስ 4)፣ 38 ቁጥር። በአራተኛው ዕውር ሆኖ የተወለደው፣ 41። በአምስተኛው አልዓዛር፣ 45። አንድ ሰው በአንድ ድምፅ ሲያነበው ጆሮ ከአሥረኛው ቁጥር በኋላ ይሸሻል። የሳምራዊቷን ታሪክ ለአራት ማካፈል ይሻላል፦ ተራኪ፣ ኢየሱስ፣ ሴቲቱ፤ ለደቀ መዛሙርቱና ለከተማው ሰዎች ደግሞ አንድ ሰው። ማይክሮፎኑ ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ አንዱን መቀባበል ንግግሩን ይገድለዋል። ‹አላት›፣ ‹አለችው› የሚሉትን ላሳጥር ብሎ ማውጣት ወረቀት ያልያዘውን አድማጭ ግራ ያጋባል፤ ይቆዩ፣ ግን ተናጋሪው ተራኪው እንዳበቃ ይግባ። ልምምዱም ቅዳሜ፣ እዚያው መድረክ ላይ፣ ቆመው መሆን አለበት። ተቀምጦ የተለማመደ ሰው ቆሞ ሲያነብ ይሮጣል።

አማርኛ አንባቢ አንድ ነገር በነጻ አግኝቷል። በዚህ ታሪክ ‹ስድስት ሰዓት ያህል ነበረ› ሲባል የሌላ ቋንቋ አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ ይፈልጋል፤ የእኛ ሰው ግን ፀሐይዋ አናቱ ላይ እንደሆነች ወዲያው ያውቃል።

አንዳንዶች ለሰዓት ብለው ቁጥር 26 ላይ ይቆርጡታል። እኔ አልስማማም። ኢየሱስ ‹እኔ ነኝ› ያለበት ላይ ማቆም ለስብከት ይመቻል፤ የሚጠፋው ግን ቁጥር 28 ነው፦ ሴቲቱም እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች። ልትቀዳ መጥታ ሳትቀዳ ሄደች። ‹ምን ተውሽ?› ያላት የለም። ጾመኛ አስቦ፣ ቀን ቆጥሮ ይተዋል፤ እሷ መተዋንም ያወቀች አይመስልም። እንዲህ ያለ መተው በየትኛው የሽማግሌዎች ስብሰባ ይታቀዳል?

ለተራኪው ከቁጥር 28 በኋላ የዝምታ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ርዝመቱን ግን ገና አልወሰንኩም። ሦስት ሰከንድ ከሆነ ሰዉ መስመር የጠፋበት መስሎት ያየዋል። አሥር ሰከንድ ከሆነ ዝምታው ዝምታ ይሆናል፣ እንስራውም ጉድጓዱ አፍ ላይ ይታያል። ዮሐንስ ወደ እንስራው አይመለስም። ኢየሱስ በዚያች ከተማ ሁለት ቀን ቆየ ይላል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውኃ ማን ቀዳ? እንስራውንስ ማን አነሳው?