የንግድ ስምምነት ጤናችንን ምን ያደርገዋል? ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንዳጠናሁት

የጤና ባለሙያ ስለ ንግድ ስምምነት ምን አገባው የሚሉኝ አሉ። በጣም ያገባዋል! የሰሜን ሸዋ ሰው በምን ዘይት ወጥ እንደሚሠራ፣ መድኃኒቱን በስንት ብር እንደሚገዛ፣ ልጁ ሱቅ ሄዶ ምን ጠጥቶ እንደሚመለስ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የንግድ ድርድር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠናን ስምምነት ደግሞ በ2019 አጽድቃለች።

ጥናቱን ከሱቅ ጀመርኩት። የስምምነት ሰነዱ መቶ ምናምን ገጽ ነው፣ ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ከገባችሁ ትጠፋላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሱቆችና የሸማቾች ማኅበራት እየዞርኩ ምን እንደሚሸጥ፣ ከየት እንደመጣና በስንት እንደሚሸጥ መዘገብኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በጉምሩክ መለያ ቁጥሩ ፈለግኩት። የፓልም ዘይት 1511 ነው። ለስላሳ መጠጥ 2202፣ ሲጋራ 2402፣ የተዘጋጀ መድኃኒት 3004። እነዚህን ቁጥሮች ስትይዙ ነው የታሪፍ ሰንጠረዡ፣ ማለትም የየዕቃው ቀረጥ ዝርዝር፣ ማውራት የሚጀምረው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዘይቱ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ጀሪካኑን ብትገለብጡት የሚረጋው ዘይት ንቅንቅ አይልም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት ነው፣ ይህ ዓይነቱ ስብ ሲበዛ ደግሞ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። አንዲት ባለሱቅ «እትዬ፣ ሰው የትኛውን ዘይት ነው የሚመርጠው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የኔ ልጅ፣ የረከሰውን ነዋ!» አሉኝ። እዚሁ ዞን ደጋው ላይ ግን ገበሬው ተልባ ይዘራል።

ታዲያ «የንግድ ስምምነት ያመጣብን ጣጣ» ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነበር። ግን እውነት አይደለም። ፓልም ዘይት በሸማቾች በኩል በብዛት የተሰራጨው መንግሥት የዘይት ዋጋ እንዲረጋጋ ብሎ በወሰነው ውሳኔ ነው፤ የሚመጣውም በዋናነት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የማልደራደርበት ነገር አለኝ። ስምምነቱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ስምምነቱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው የሚለየው።

ለዘይቱ ይህን ሳደርግ ሁለቱ ስምምነቶች የተለያየ ነገር አሳዩኝ። የአፍሪካው ቀጠና 90 በመቶ በሚሆኑት የታሪፍ መስመሮች ላይ ቀረጥ ቀስ በቀስ ይነሣል ይላል፣ ግን ለአፍሪካ ምርት ብቻ። የኢንዶኔዥያ ዘይት አይገባበትም። ድፍድፉ መጥቶ ሌላ የአፍሪካ አገር ውስጥ ቢጣራስ? ይህን የሚመልሰው አንድ ዕቃ የየት አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው የምርት ምንጭ ደንብ ነው፤ አሰልቺ ነው ብላችሁ እንዳትዘሉት። የዓለም ንግድ ድርጅት ላይ ደግሞ ጥያቄው ጣሪያው ነው። አንድ አገር በድርድር የገባበትን የቀረጥ ጣሪያ በኋላ ማለፍ ቢፈልግ እንደገና መደራደርና ካሣ መስጠት ሊኖርበት ነው።

የፓስፊክ ደሴት አገሯን ሳሞአን ተመልከቱ። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ስብ የበዛበት ጭራ ለሕዝቧ ጤና ብላ እ.ኤ.አ. በ2007 አገደች። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው በ2012 ነው፣ ለመግባትም እገዳውን ማንሣትና በቀረጥ መተካት ነበረባት። ይህን ያነበብኩ ቀን በጣም ተናደድኩ። የጤና ሰው ከፊርማ በፊት ካልገባ በኋላ መጮሁ ብዙ አያመጣም።

ደስ ያለኝ ነገርም አለ። ቀረጥ ቢወርድ እንኳ ለአገር ውስጡም ለውጪውም ዕቃ እኩል የሚጣል ኤክሳይዝ ታክስን የንግድ ሕጉ አይከለክልም። የኛ የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጥ ላይ 25 በመቶ ጥሎ ነው የወጣው። እና ምክረ ሐሳቤ ላይ ከሁሉ በፊት ያስቀመጥኩት ይህንን መብት በየትኛውም ድርድር አሳልፎ አለመስጠት ነው።

መድኃኒት ላይ አጭር ነኝ፣ ግን ልብ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2001 የሕንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር የዋጋው መውረድ ትልቅ እገዛ ነበር። ከዓለም ንግድ ድርጅት አባላት በልማት ወደ ኋላ የቀሩት አገሮች እስከ 2033 መጀመሪያ ድረስ የመድኃኒት ፓተንት፣ ማለትም ሌላ ሰው መድኃኒቱን እንዳያመርት የሚከለክለውን የፈልሳፊ መብት፣ እንዲያስከብሩ አይገደዱም። አዲስ ገቢ አገር ግን ድርድሩ ላይ ይህን ዕድል አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። እኛ እንዳንሰጥ!

ለመጀመር ለምታስቡ፣ አንድ ዕቃ ብቻ ያዙ። ከሱቁ እስከ ታሪፍ ሰንጠረዡ፣ ከዚያ እስከ ሐኪም ቤቱ መዝገብ ተከተሉት። ጉምሩክ ላይ የሚሠራ ሰው ከጎናችሁ ካለ ሥራው በግማሽ ይቀላል። እኔ ቀጥዬ የያዝኩት የጨቅላ ሕፃናትን የዱቄት ወተት ነው፣ መለያው 1901 ውስጥ። መንዝና አንኮበር አካባቢ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ካላችሁ እናቶች ስለሱ ምን እንደሚጠይቋችሁ ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።