አፍሪክቪል፦ ከወረቀቱ ወደ ቦታው

ከቶሮንቶ ወደ ሃሊፋክስ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ልጠይቃት ነበር። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች። ወደቡን ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ "ጋሼ፣ ነገ አፍሪክቪል ነው የምንሄደው" አለችኝ። ድሮ በሃሊፋክስ ዳርቻ የነበረ፣ ከተማው ያፈረሰው የጥቁር ካናዳውያን ሰፈር ነው። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ካናዳ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አለመስማቴ በጣም ቆጨኝ።

ማታ ቡና አፍልታ ላፕቶፗን ከፈተች። "መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ፣ ቦታውን ነገ።" የከተማው አስተዳደር የድሮ ሰነዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ላይ ከተማው የቤቶች ጉዳይ ባለሙያ አስመጣ፤ አልበርት ሮዝ ይባላል፣ የመጣውም ከእኔው ከተማ፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአጭር ጊዜ አይቶ ሪፖርቱን ጻፈ። ሰፈሩ ይነሳ አለ። በጥር 1964 ምክር ቤቱ አጸደቀው። በእነዚያ ገጾች ላይ አፍሪክቪል ማለት መፍረስ ያለበት ጎስቋላ ሰፈር ነው፣ በቃ። ሌላ ነገር ካላነበብክ ከተማው ለነዋሪዎቹ ውለታ የዋለ ይመስልሃል።

እሷ ግን ወደ ኋላ ሄደች። በ1919 ነዋሪዎቹ ሰፈራችን ፖሊስ ይመደብልን ብለው ያስገቡትን አቤቱታ አሳየችኝ። አልተመደበላቸውም። ውሃ ጠየቁ፣ የቧንቧ ውሃ አልገባላቸውም። የፍሳሽ መስመር የለም፣ አስፋልት የለም። ግብር ግን ይከፍሉ ነበር። ይባስ ብሎ በ1950ዎቹ የከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገባቸው ተደረገ። ታዲያ ሰፈሩን ማን አጎሳቆለው? "ሰነድ ሳነብ ሁሌ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ" አለችኝ፣ "ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ።" ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን አይደለም።

በማግስቱ ሄድን። ቤድፎርድ ቤዚን ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለ ሣር ሜዳ ነው፤ ከላይ በ1970 የተከፈተው የማኬይ ድልድይ ይታያል፣ በታች ውሃው አለ፣ የባቡር ሃዲዱም እዚያው አጠገብ ነው። ነፋሱ ይቆርጣል። በ1848 ዊልያም ብራውንና ዊልያም አርኖልድ የተባሉ ጥቁር ካናዳውያን እዚህ መሬት ገዙ። በዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። በኋላ 80 ያህል ቤተሰብ፣ ወደ 400 ሰው ኖሮበታል።

ከዚያ ማፍረሱ መጣ። የብዙዎቹ ዕቃ የተጫነው በከተማው የቆሻሻ መኪና ነው። አልጋህ፣ ድስትህ፣ የልጆችህ ልብስ በቆሻሻ መኪና ሲሄድ ቆመህ ማየት። ቤተ ክርስቲያኑን በ1967 በሌሊት አፈረሱት፤ ሰው ጠዋት ሲነሳ የለም። የመጨረሻው ቤት በ1970 ፈረሰ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የካሳው ነገር ነው። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ስለነበር ብዙዎቹ የባለቤትነት ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀት ለሌለው የተሰጠው 500 ዶላር ነው። ትውልድ ሲቆጠር ኖረህ፣ መዝገብ ላይ ካልሰፈርክ እንዳልኖርክ ትቆጠራለህ። ለዚህ ነው የቃል ታሪክ ለዚህ ሰፈር ማሟያ ሳይሆን ዋናው ምንጭ የሆነው። ተመራማሪዎች የተፈናቀሉትን ሰዎች አነጋግረው በ1971 ሪፖርት ባያወጡ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸውም በ1983 የዘር ሐረግ ማኅበር አቋቁመው ስምና ፎቶ ባይሰበስቡ፣ ዛሬ የሚነበበው የምክር ቤቱ ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር። የሰው ትዝታም ይሳሳታል፣ ያንን የአክስቴ ልጅም አልደበቀችኝም። ስለዚህ ቃሉን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከካርታው፣ ካርታውን ከቃለ ጉባኤው ጋር ታስተያያለች። አድካሚ ሥራ ነው። ግን ለወረቀቱም እኩል መጠራጠር ይገባዋል ባይ ነኝ።

በ2010 የከተማው ከንቲባ ይቅርታ ጠየቀ። ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጂ ግንባታ 3 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፣ አሁን ሙዚየም ነው። ለእያንዳንዱ ተፈናቃይ ግን አዲስ ካሳ አልተከፈለም። እኔ ይሄን ያለቀ ጉዳይ አልለውም።

ሙዚየሙን አይተን ስንወጣ ሣሩ ላይ ቆመች። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የቀድሞ ነዋሪዎቹና ልጆቻቸው እዚህ ይሰበሰባሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ። ዘንድሮ መቅረጸ ድምጽ ይዛ ልትመጣ ነው። ለእናቶቹ ያዘጋጀቻቸውን ጥያቄዎች ከደብተሯ አነበበችልኝ። ስለ ምክር ቤቱም፣ ስለ ካሳውም አለበት። የመጀመሪያው ግን እንዲህ ይላል፦ "በኩሽናዎ መስኮት ሲያዩ ምን ይታይዎት ነበር?"