የረፋድ ባሕር ቀለም

ቅዳሜ ማታ ነው። ሳሎን ወለል ላይ ፎጣ ዘርግቼ አራት ረጃጅም ፍሎረሰንት አምፖሎች ደርድሬያለሁ። የአኳሪየሜ፣ ኮራልና ዓሣ የማኖርበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ መብራቶች ናቸው። ሲበሩ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ወይን ጠጅ ናቸው። ጠፍተው ሲታዩ ግን አራቱም አንድ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ካላነበብኩ አልለያቸውም። የጨው ፍንጣቂ ደርቆባቸዋል። እሱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ ነው፤ ጨው ሲጋገርባቸው ብርሃን ይቀንሳሉ። ከአራቱ ዛሬ የምቀይረው አንዱን ሰማያዊ ብቻ ነው።

አኳሪየሙ 75 ጋሎን ነው፤ ወደ 284 ሊትር። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባባ እኔ ጋ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ይህን የምጽፈው ስለ አምፖል ነው፤ ግን እሳቸውን ትቼ ልጽፈው አልችልም።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ። ብርሃን ተቀብለው ምግብ ይሠራሉ፤ ከዚያም ለኮራሉ ያካፍሉታል። ስለዚህ አምፖል ስመርጥ ጌጥ ብቻ አይደለም የምመርጠው። ቀለባቸውንም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ላይ አራቱንም ነጭ አደረግኩ። 6500 ኬልቪን የሚባለው፣ የቀን ብርሃን የሚመስለው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው። ኮራሎቹ አልሞቱም፤ እንዲያውም አደጉ። ግን ሁሉም ቡኒ ሆኑ። ቡኒው የአልጌዎቹ የራሳቸው ቀለም ነው። አባባ ወንበራቸውን ስበው ብዙ አዩት። «ይሄ የወደብ ውሃ ነው ልጄ» አሉ። «መርከብ የሚቆምበት፣ ደለል ያለበት።»

ቀጥሎ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ አክቲኒክ። አክቲኒክ የሚሉት 420 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ የሚያበራውን፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ነው። ያን ምሽት ኮራሎቹ እንደ ፍም በሩ። አረንጓዴው፣ ብርቱካኑ፣ ሁሉም። እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ብርቱካናማዎቹ ዓሦቼ ግን ጠቆር አሉ፤ አሸዋውም ሰማያዊ ሆነ። አባባ ዝም ብለው ቆዩና «ይሄ የሌሊት ተረኛ ስሆን የማየው ነው» አሉ። «የጠዋቱ ባሕር እንዲህ አይደለም።»

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። በኋላ ግን ገባኝ። ባሕር ውስጥ ውሃው ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል። አሥር ሜትር ወርዶ ቀይ እምብዛም የለም፤ ሰማያዊው ነው ጠልቆ የሚሄደው። አልጌዎቹም ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን አጥብቀው ይይዛሉ። እኔ ቤት ያለው ውሃ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ምንም ያህል አያጣራም። ጥልቀቱን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ በአምፖል።

አንድ በጣም የምወደው ነገር አለ። ፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ የሜርኩሪ ተን አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ይሰጣል። የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ የሸፈነው ነጭ ዱቄት ያንን ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን ይመልሰዋል። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚያደርገው የዱቄቱ ቅመማ ነው። ኮራሉም ሥጋው ውስጥ ባለ ፕሮቲን ሰማያዊውን ይቀበልና አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርጎ ይመልሰዋል። አምፖሉም ኮራሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን አኳሪየሙን ያየሁበት ዓይን ተቀየረ።

ኬልቪን የሚለውን ቁጥር ብዙ አላምነውም። ሁለት አምፖሎች አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ብርሃናቸው ሊለያይ ይችላል። እኔ የማየው የስፔክትረሙን፣ ማለትም በብርሃኑ ውስጥ ያሉትን ቀለሞች መጠን የሚያሳየውን፣ ሥዕል ነው፤ የትኛው ቀለም ላይ ከፍ እንደሚል።

አሁን ያለው ድብልቅ ብዙ ከሞካከርኩ በኋላ የመጣ ነው። በአምፖል ስማቸው ሁለት ብሉ ፕላስ (ሰማያዊ)፣ አንድ ኮራል ፕላስ (ነጭ)፣ አንድ ፐርፕል ፕላስ (ወይን ጠጅ)። ሰማያዊዎቹ ኮራሉን ይመግቡታል፤ ያበሩታልም። ነጯ ዓሦቹንና አሸዋውን መልካቸውን ትመልስላቸዋለች። ወይን ጠጇ ውስጥ ቀይ ስላለ፣ ሮዝና ቀይ የሆነው ነገር ሁሉ ነፍስ ይዘራል። አንዱን ሰማያዊ ከፊት አደርጋለሁ፤ ከተቀመጥንበት ስናይ ኮራሎቹ በእኛ በኩል ያለው ገጻቸው እንዲበራ።

ያን ድብልቅ መጀመሪያ ያበራሁ ቀን አባባ ቡና እየጠጡ ነበር። ስኒውን አስቀመጡ። «ይሄ ረፋድ ነው» አሉ። «ወደ ዳህላክ ስንሄድ፣ ደሴቶቹ መታየት ሲጀምሩ።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ወደ ማድ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

አምና አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። አራቱንም አምፖል በአንድ ምሽት ቀየርኩ። አሮጌ አምፖል ድንገት አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ ይደክማል። ዓይን ይለምደዋል፣ ኮራሉም ይለምደዋል። እኔ ደግሞ 54 ዋት የሆኑ አራት አዳዲስ አምፖሎች በአንዴ ለቀቅኩባቸው። ስታይሎፎራ የምትባል ኮራል አለችኝ፤ ዘሯ ቀይ ባሕር ውስጥም ይገኛል። በሳምንት ውስጥ ነጣች። ብርሃን ሲበዛባት አልጌዎቿን አስወጣች ማለት ነው። መብራቱን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፣ ሰዓቱን ቀነስኩ። ወራት ፈጅቶ ተመለሰች፤ አንድ ቅርንጫፏ ግን እንደነጣ ቀረ። እሱን ሳየው አሁንም ያመኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ አምፖል ቀይሬ ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ።

ብዙ ሰው ሜርኩሪ ወደሌለው ኤልኢዲ መብራት ሄዷል። አውሮፓም ውስጥ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ መብራት የሚሆኑት እነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ገበያ እንዳይገቡ ተከልክለዋል፣ በሜርኩሪው ምክንያት። ክልከላው ተገቢ ይመስለኛል። የእኔንም አሮጌዎች ቆሻሻ ውስጥ አልጥላቸውም፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ቦታ አደርሳቸዋለሁ። ግን የእነዚህ ብርሃን ጥላው ለስላሳ ነው፣ ሁሉንም እኩል ያዳርሳል። እስካገኘኋቸው ድረስ አልለቃቸውም።

አዲሱ ሰማያዊ ገብቷል። ጫፉ ላይ የዛሬውን ቀን በማርከር ጻፍኩ። አባባ ከሶፋው ሆነው ሲያዩኝ ነበር።

«ቀጥሎ የምትቀይረው የትኛውን ነው?»

«ነጯን፣ አባባ። ዓመት ሊሞላት ነው።»

«ያው ራሷ ዓይነት ትሁን» አሉ። «ሌላ እንዳታመጣ።»