መብራት ሲመጣ ኢንተርኔቱ የማይመጣው ለምን ነበር (አንድ ሳምንት የበላኝ ዶንግል)

አጎቴ መርካቶ ውስጥ የቧንቧ እቃ ይሸጣል፣ ካሸሯ ጋ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን የሊኑክስ አይነት) ጫንኩለት። ሽያጭ ይመዘግባል፣ በየሰዓቱ ደሞ ኮፒውን ውጪ ወዳለ ሰርቨር ይልካል። ኢንተርኔቱ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ፎርጂ ዶንግል ነው። ፕሮግራሙ፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ አለቀ። መብራት ሲመጣም ራሱ እንዲነሳ ባዮስ ላይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሴቲንግ) አስተካከልኩና "በቃ ጋሼ፣ ከዚ በኋላ ማንም አይነካውም" ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ሄድኩ።

ሰኞ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ኢንተርኔት የለም። ካሸሯ ደወለች፣ ሪስታርት አድርጊው አልኳት፣ ሰራ። ማክሰኞም እንደዛው፣ ረቡዕም። አጎቴ "አንተ ልጅ፣ ማንም አይነካውም አላልክም?" ማለት ጀመረ።

እኔን የሸወደኝ ያ ሪስታርት ነው። ሄጄ ስሞክረው ሪስታርት አደርጋለሁ፣ ይሰራል፣ እመለሳለሁ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ዶንግሉ ላይ ያለችው መብራት እንደማትጠፋ ያየሁት አራተኛው ቀን ላይ ነው! ለካ እሱ ነቅቶ እየጠበቀ ነበር። ስለዚ እባካችሁ ስትሞክሩ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉት።

ገመዱን ነቅዬ ስሰካና የከርነሉን ሎግ (ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበትን) ሳይ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ዶንግሉ መጀመሪያ የሚመጣው እንደ ሲዲ ሆኖ ነው፣ ውስጡ የዊንዶውስ ድራይቨር ስላለ። ከዛ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ይቀሰቅሰዋል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ኔትወርክ ካርድ ሆኖ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሲስተሙ ኔትወርኩን ፈልጎ አጥቶ፣ ስህተት ፅፎ አልፏል። እኔ ደሞ ኢንተርፌስስ ፋይሉ (የኔትወርክ ሴቲንጉ) ላይ "አውቶ" ነበር የፃፍኩት፣ ቡት ሲያደርግ አንስተው ማለት ነው። የሌለን ነገር ምን ያነሳል።

እዚ ጋ ላቆም ሲገባኝ ጎበዝ መሆን አማረኝ። ካርዱ ሲመጣ የራሴን ስክሪፕት የሚጠራ የዩዴቭ (እቃ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው የሊኑክስ ክፍል) ሩል ፃፍኩ፣ "ረን" (ይሄን ፕሮግራም አስነሳ) በሚለው። ስክሪፕቱ የኔትወርክ አድሬስ ይቀበላል፣ ሠላሳ ሰከንድ ይተኛል፣ ፒንግ ያደርጋል (ኔትወርኩ መስራቱን ይሞክራል)፣ ከተሳካ ኮፒውን ይልካል። በእጄ ስጠራው ቆንጆ ይሰራል፣ በሩሉ ሲጠራ ግን ፒንጉ "አልተፈቀደም" ይላል። ሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ) ሆኖ እንዴት አልተፈቀደም ይባላል? ፋየርዎል አጠፋሁ፣ ፐርሚሽን ቀየርኩ፣ ሲም ቀየርኩ (ሲሙ ምን አደረገ?)፣ ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። አድሬስ እንዲጠብቅ ከጀርባ የተውኩት ፕሮሰስም ትንሽ ቆይቶ ድራሹ ይጠፋል፣ ስህተት እንኳን አይፅፍም።

መልሱ የዩዴቭ ማኑዋል ላይ ተፅፏል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ረን ለአጭር ስራ ብቻ ነው፣ ከጀርባ የቀረ ፕሮሰስ ካለ ስራው ሲያልቅ ይገደላል፣ ዩዴቭ ራሱ ደሞ ታጥሮ ስለሚሰራ ከውስጡ ኔትወርክ መጠቀም አይቻልም። አንድ ገፅ ባነብ ኖሮ ሁለት ሌሊት እተኛ ነበር። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ።

የሰራልኝ በጣም ትንሽ ነገር ነው። "አውቶ" የሚለውን አጥፍቼ "አሎው-ሆትፕለግ" አልኩት፣ በቃ ካርዱ በመጣበት ሰዓት ይነሳል፣ በሦስት ሰከንድም ይምጣ በሦስት ሰዓት። ኮፒ የሚልከውን ደሞ ሰርቪስ (ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ ክፍል ከጀርባ የሚያስኬደው ስራ) አደረግኩትና ሩሉ ላይ ረንን ትቼ "ሲስተምዲ ዋንትስ" በሚለው ጠራሁት፣ ያኔ ስራው ከዩዴቭ አጥር ውጪ ይሆናል፣ እንደፈለገ ይተኛል፣ እንደፈለገ ፒንግ ያደርጋል።

በየመመሪያው "ኔትወርክ-ኦንላይንን ጠብቅ" (ኔትወርክ እስኪመጣ ሌላውን አታስነሳ) የሚለውን ምክር ለእንደዚ አይነት እቃ አትስሙት ባይ ነኝ። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር አይጠበቅም፣ ሲመጣ ይቀበሉታል እንጂ። እሱን ስሞክር ካሸሯ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ስትጠብቅ ደንበኛ ተነስቶ ሄዷል።

አንዱን ረስቼው፣ ለመጠባበቂያ ያው አይነት ሁለተኛ ዶንግል ገዝተን ሁለቱንም ስሰካ አንዱ ስሙን አጣ። ዴቢያን የዩኤስቢ ካርድን በማክ አድሬሱ (ካርዱ ላይ ባለው መለያ ቁጥር) ነው የሚሰይመው፣ የሁለቱ ማክ ደሞ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ አይነት ነበር። ስለዚ በሊንክ ፋይል (ለካርድ ስም የሚሰጥ ሴቲንግ) በተሰኩበት ቀዳዳ ሰየምኳቸው፣ ቀዳዳዎቹ ላይም ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ፃፍኩ። ባለፈው ካሸሯ ስታፀዳ ፕላስተሩን ልጣ ጥላዋለች።