የዓባይ በረሃን ዳገት በሳይክል ለመውጣት ለምታስቡ

ይህን የምጽፈው ለመዝናናት ሳይክል ለሚነዱና አንድ ቀን ከዓባይ ድልድይ ተነሥተው ደጀን ለመድረስ ለሚመኙ ሰዎች ነው። ስዘጋጅ ስለ ማርሽና ስለ ጉልበት የሚመክረኝ ሰው አላጣሁም፤ ስለ ሰዓትና ስለ ወረቀት ግን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ ጉዞዬን ሊያበላሹት የደረሱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት፣ ግማሹ ከወንዙ የሚወጣ ዳገት ነው። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ደጀን ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ይህ በአማካይ በየ100 ሜትሩ ወደ 7 ሜትር መውጣት ማለት ሲሆን፣ ረባዳ እረፍት ስለሌለው ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ያስፈልጋል። ልምምዴን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ አደረግሁ። ለስንቅ በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ ያዝኩ፤ ከውጭ የሚመጣው ጣፋጭ ሁሉ አይተካውም።

ከመሄዴ በፊት፣ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለሳይክል ደብዳቤ የለም፤ ዝም ብለህ ሂድ» አለኝ። ጀምበር ሳትወጣ ቁልቁለቱን ለመጀመር ጎሐ ጽዮን አድሬ በጨለማ ተነሣሁ። ብዙም ሳልርቅ አንድ ኬላ ላይ ገመዱ ወደ ታች ወረደ። ጥበቃው ወጣት ነበር፤ መታወቂያዬን ተቀብሎ መሪው ላይ ያሰርኳትን አነስተኛ የርቀት መለኪያ በእጅ ባትሪው እያበራ ለረጅም ጊዜ መረመራት።

«ይቺ ምን ትቀዳለች?»

«ርቀትና ፍጥነት ነው የምትለካው፤ ካሜራ የላትም።»

«ደብዳቤህስ?»

ደብዳቤ እንደማይሰጥ መሥሪያ ቤቱ የነገረኝን አስረዳሁት። ኃላፊው እስኪመጣ ጠብቅ ተባልኩ፤ ኃላፊው ቁርስ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ነው። የሕዝብ ማመላለሻዎች ይመጣሉ፣ ጥበቃው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ያያል፣ ገመዱ ይነሣል፣ ይሄዳሉ። ቦቴዎችና ሲኖትራኮች ያለ ምንም ጥያቄ ያልፋሉ። እየጨሰ ከሚያልፈው መኪና ሁሉ ይልቅ የአንድ ሰው ሁለት ጎማ የበለጠ የሚያሰጋበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ኃላፊው ረፋዱ ላይ ሲደርስ ትሑት ሰው ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን መልስ ስነግረው ግን «እነሱ እዚያ ናቸው፤ እኛ እዚህ ነን» አለኝ። ከስልክ በኋላ ሌላ ስልክ፣ ከዚያም ዝምታ። ለቀጣዩ ሰው እንዲረዳ ለምን እንደቆምኩ በአንዲት ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ ብለምነው «ይህ አይጻፍም» ብሎ መታወቂያዬን መለሰልኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ስለዚህ ምንም ያህል አያስፈልግም ቢሏችሁ፣ ደብዳቤ አስጽፉ። ከመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ ከቀበሌያችሁ ይሁን፣ ስማችሁ፣ የሳይክሉ ዓይነትና ቀለም፣ መነሻና መድረሻችሁ፣ የምታልፉበት ቀን ሰፍሮበት፣ ክብ ማኅተም ይረፍበት። ድልድዩ አጠገብ ደግሞ ስልካችሁን ከኪስ አታውጡ፤ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው።

ያ የባከነ ጠዋት ምን ዋጋ እንዳስከፈለኝ የገባኝ ድልድዩን ተሻግሬ መውጣት ስጀምር ነው። የደጀን ወገን ገደል ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ በጥር ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ እኩለ ቀን ላይ አለቱ በሙሉ ይጋላል፣ ጥላ የሚባል ነገርም አይገኝም። ሬንጁ ለስልሶ ጎማው ላይ ሲጣበቅ ቺርር የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በላስቲክ የያዝኩት ውሃ ሻይ ሊፈላበት የቀረበ ያህል ሞቆ ከአፌ ተፋሁት። የእጅጌዬ ጫፍ በጨው ነጭ ሆነ፣ ዳገቱ ላይ ያለችው ኩራር መንደር ስደርስ ሁለቱም ባቶቼ ተኮማተሩ። ከመንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለ አንድ አይሱዙ ቆሞ፣ ረዳቱ ጄሪካን ይዞ ወረደና «ጎንበስ በል ወንድሜ» ብሎ ማጅራቴ ላይ አፈሰሰልኝ። ጭነው ሊወስዱኝም ጠየቁኝ። አልተቀበልኩም፤ ባለመቀበሌም ደስ ይለኛል፤ ደጀን የገባሁት ግን ሊመሽ ሲል ነው።

በኋላ ሰዓቱን አስተካክዬ ስመለስ ያው ዳገት ሌላ ዳገት ሆነብኝ። ደጀን አደርኩ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሳይክሌን መኪና ላይ ጭነን ወደ ድልድዩ ወረድን፣ ገና ሊነጋጋ ሲል መውጣት ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ፈጀብኝ። አንዳንድ ሳይክለኞች ቁልቁለቱን በሳይክል ያልወረደ ዳገቱን ወጣሁ ሊል አይገባውም ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ረጅሙ ቁልቁለት እጅን ያዝላል፣ ሳታቋርጡ ፍሬን ከያዛችሁም የቸርኬው ጠርዝ ግሎ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ሰዓቱንም ይበላል።

የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዛችሁ ሂዱ የሚለውን ምክርም በዚህ መንገድ ላይ እንዳለ አልቀበለውም። የመሬት መንሸራተት አስፋልቱን በየቦታው አስጎብጦታል፣ ጠርዙም ተቦዳድሷል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብላችሁ ንዱ፤ ኩርባ ላይ ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ሊያያችሁ የሚችለው ያኔ ነው። የከባድ መኪና ጅራት ይዞ መጎተትን ግን ፈጽሞ አታስቡት። ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ አልቆ ጥቁሩ ባዛልት ሲጀምር ወደ መጨረሻው ቀርባችኋል፤ አየሩም ከታችኛው ይልቅ የሳሳ ስለሆነ እዚያ ላይ ማርሽ ቀንሱ እንጂ አትሽቀዳደሙ።

በቅርብ ዓመታት በዚህ አቅጣጫ የጸጥታ ችግር ስለነበረ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው የጎሐ ጽዮንንም የደጀንንም ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከቢሮ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ደጀን ስትደርሱ ሙቀቱ ከድልድዩ በስምንት ወይም በዘጠኝ ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የራሰውን ሸሚዝ ወዲያው ቀይሩ፤ ደረቁን በፌስታል ጠቅልላችሁ መያዝ አትርሱ።