የጓሳ የምሽት ሩጫ፦ ጉም ሲወርድ መብራቱ ከግንባር ወደ ወገብ

ጥቢ ሲገባ ጓሳ ላይ፣ በመንዝ ደጋ ባለው ጥብቅ የሣር ስፍራ፣ ሩጫ የሚጥመው ማምሻውን ነው። ዝናቡ እያባራ ነው፣ የኅዳር ውርጭ ገና ነው፣ ሳሩም ለምልሟል። ዘንድሮ ደስ የሚል መሻሻል አለኝ፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ጉም ውስጥ ሳልቆም መሮጥ ችያለሁ። ለውጡን ያመጣው የእግር ጉልበት ሳይሆን የመብራት አያያዝ ስለሆነ፣ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለሱ ነው።

ስለ ከፍታውና ስለ ጫማው ባጭሩ። ስፍራው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሯጭም ልዩነቱ ይሰማዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መጀመሪያ ሁለት ቀን በእርምጃ ይልመደው። የእጅ ሰዓት እያዩ ፍጥነት መጠበቅ እዚህ አይሠራም፤ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የጫማው ጥርስ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይሁን። ውሃ የማያስገባ የሚባለውን ጫማ ግን ተዉት፤ ከረጠበው ሳር ውሃው በቁርጭምጭሚት በኩል ይገባና መውጫ ያጣል። ወንፊት ያለው ጫማና የሱፍ ካልሲ ይበልጣሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመስቀል ሰሞን ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርገጫን የሚያሳይ ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩል ካለው ገደል ሥር፣ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ ሜዳው ላይ ይተኛል። ያኔ ግንባር ላይ የታሰረ መብራት ጠላት ይሆናል። ብርሃኑ የሚነሣው ከዓይን አጠገብ ስለሆነ የጉሙ ጠብታዎች መልሰው ዓይን ላይ ይረጩታል፤ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ሌላም ጉዳት አለው፦ ብርሃኑና ዓይን በአንድ አቅጣጫ ስለሚያዩ የመሬቱ ጥላ ይጠፋል። የጓሳ ሳር ጉብ ጉብ እያለ ነው የሚበቅለው፤ በየመሃሉ ውሃ ያቆረ ጎድጓዳና የአይጥ ጉድጓድ አለ። ጥላ ከሌለ ሁሉም ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው።

መፍትሔው መብራቱን ወገብ ላይ ማውረድ ነው፤ የመኪና የጉም መብራት ዝቅ ብሎ የሚገጠመውም ለዚሁ ነው። ከመብራቱ ጋር የሚመጣው ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለወገብ አይበቃም። 4 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ከወገባችሁ ልክ 6 ሳንቲሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ ከአሮጌ ቦርሳ ዘለበት ወስዳችሁ ስፉበት። የሚታሰረው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ነው፤ ሆድ ላይ ከሆነ በየትንፋሹ ይነቀነቃል። ከጃኬት በላይ ይሁን፤ አለዚያ የጃኬቱ ጫፍ ይሸፍነዋል። ብርሃኑ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ መሬት እንዲመታ አዘንብሉት። ኃይሉ ከ150 እስከ 200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል። ጉም ውስጥ ኃይል መጨመር ነጸብራቁን ነው የሚያበዛው፤ ብዙ ሰው ውድ መብራት ገዝቶ የሚያዝነው በዚህ ነው። መብራቱን በቢጫ ፕላስቲክ መሸፈን የሚባለውንም አልቀበልም፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል። በእጅ መያዝም አይመከርም፤ ክንድ ሲወዛወዝ ጥላው አብሮ እየዘለለ ያዞራል። መለዋወጫ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት ዘንድ ይቀመጥ፤ ብርድ ቶሎ ያደክመዋል።

ከወገቡ ሌላ የግንባር መብራት መያዝን ግን ጨርሳችሁ አትተዉ። ጥርት ባለ ምሽት መንታ መንገድ ለመለየት እሱ ይሻላል። ጉም ሲወርድ አጥፍታችሁ አንገት ላይ አንጠልጥሉት።

ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደሉ ላይ ስለሆነ ማምሻውን ወደዚያ ይሰበሰባሉ፤ በመንጋውና በገደሉ መሃል አትሩጡ። ውሻ ይዞ መምጣትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚሻገረው በውሻ ነው፤ ቀበሮዎቹም ጥቂት ናቸው። ጅብም ስላለ ከሁለት ባላነሰ ሰው ውጡ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹም መውጣታችሁን ይወቁ። ጉሙ ከ10 እርምጃ በላይ አላሳይ ካለ የትኛውም መብራት አያድንም፤ ገደሉን ከኋላ ትታችሁ ወደ ታርማ በር–መሐል ሜዳ መንገድ ውጡና በእርምጃ ተመለሱ።