ድንጋዩ ይታይ ወይስ ይለሰን?

ቤታችን ያለው ክረዝ በሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ ነው። ባሕር የለ፣ ትልቅ ከተማ የለ፤ ያለው ግራኒት ድንጋይ፣ ደንና ቀይ ላም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ280,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬ የቀረው 115,000 ገደማ ነው። ሰው ሲሄድ ቤቱ ባዶውን ይቀራል፣ ወራሾች ተስማምተው እስኪሸጡት ደግሞ ጣራው ይረግፋል። ለንደን ውስጥ ጋራዥ በሚገዛ ገንዘብ እዚህ ቤት ከነከብት በረቱ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው።

ባለቤቴ የዮርክሻየር ልጅ ነው፣ እኔ የጎንደር። ሁለታችንም የያዝነው የእንግሊዝ ፓስፖርት ስለሆነ መንደሩ «እንግሊዞቹ» ይለናል፤ መጀመሪያ እኔን ሲያዩ ግር ብሏቸው ነበር፣ አሁን ለምደውታል። እናቴ የቤቱን ፎቶ ስልክ ላይ አይታ «ያን ሁሉ ዘመን ለፍተሽ ፍርስራሽ ገዛሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የሽግግር ጊዜው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከማለቁ በፊት ስለገባን የመኖሪያ ካርድ አለን። ከዚያ በኋላ የገዙ እንግሊዛውያን ጓደኞቻችን ግን ረጅም ቪዛ ካላወጡ በየ180 ቀኑ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይችሉም። ቀን እየቆጠሩ ግድግዳ መሥራት ምን እንደሚመስል እነሱን ጠይቁ።

የእኛ ጣጣ ሲሚንቶ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው በመንገዱ በኩል ያለውን የቤቱን ፊት ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ለስኖት ሄዷል። የዚህ አገር የድሮ ግድግዳ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በውጭም በውስጥም የድንጋይ ረድፍ አለው፣ መሐሉ በአፈርና በኮረት ይሞላል። ከሥሩ እርጥበት የሚያግድ ነገር ስለሌለ ውኃ ከመሬት ወደ ላይ ይሳባል። ግድግዳው በኖራ ሲለሰን ያ እርጥበት በልስኑ በኩል ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን አፉን ይዘጋበታል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሳሎናችን እስከ ጉልበት ድረስ ርጥብ ነበር፤ ቀለሙ ይላላጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ሶፋ ግድግዳ ማስጠጋት አይታሰብም።

የጎንደር ሰው ይህን አያጣውም። የፋሲል ግንብ የቆመው በኖራ ነው። በ1930ዎቹ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገነውን ኋላ የመጡ ባለሙያዎች በተቻለ መጠን እያነሱ በኖራ መልሰውታል። እኛም መሮና መዶሻ ይዘን ሲሚንቶውን ማርገፍ ጀመርን። አንዳንዱ በሰፊው ተገንጥሎ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ድንጋዩን ይዞ ካልሞትኩ ይላል።

ከሥሩ ግራኒቱ ሲወጣ ባለቤቴ ፍቅር ያዘው። ግራጫው፣ ወርቃማው፣ የበሩ መቃን የሆነው ትልቁ ጥርብ ድንጋይ። «እንዲሁ እንተወው፣ መገጣጠሚያውን ብቻ በኖራ እንሙላ» አለ። እዚህ ያለ እንግሊዛዊ ሁሉ የሚመኘው ይህንኑ ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ አገራችን ቢሆን ጋሼ ነበር የምላቸው። ክረዝ ጥንቱንም የግንበኛ አገር ነው። ወንዶቹ በፀደይ ፓሪስ ወርደው ሲገነቡ ከርመው ብርድ ሲገባ ይመለሱ ነበር። ከእነሱ አንዱ ማርቲን ናዶ በ1849 የምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1851 ፕሬዚዳንቱ ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ ተሰድዶ እንግሊዝ ገባ፣ እዚያም ፈረንሳይኛ እያስተማረ ኖረ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ከሰማ ወዲህ «ዕዳቸውን እየከፈሉን ነው» እያለ ይቀልዳል።

ሽማግሌው ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። የተራቆተውን ግድግዳ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ማዳም፣ እዚህ ውስጥ ላም ልታስገቡ ነው?» አሉኝ። በእሳቸው ዓይን ድንጋዩ የሚታይ በረት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ይለሰናል። ልስኑ ከዝናብና ከንፋስ ይከላከላል፣ ደግሞም ባለቤቱ ልስን የመግዛት አቅም እንዳለው ያሳያል። እውነታቸውን ነው፤ ከበሩ መቃንና ከማዕዘኑ በቀር ድንጋዩ ጥርብ እንኳ አይደለም፣ የተሠራው እንዲሸፈን ታስቦ ነው። እኛ «ጥንታዊ መልኩ» የምንለውን የጥንቶቹ ሰዎች ቢያዩት ያፍሩበታል። እኔ በልቤ ወደ እሳቸው አደላሁ፤ ለነገሩ እኔም ያደግኩት በተለሰነ ቤት ነው።

ሙያውን ያሳዩኝ በጓሮው ግድግዳ ላይ ነው። የድሮውን መሙያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ያህል ይፍቁታል፣ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋሉ፣ ማታውን ግድግዳውን በደንብ ያርሱታል። በማግስቱ አንድ ባልዲ ኖራ በሦስት ባልዲ አሸዋ ይቦካል፣ ድንጋዮቹ መሐል ተጠቅጥቆ ይገባል። ከዚያ አይነኩትም። አውራ ጣት ሲጫኑት ምልክቱ ብቻ የሚቀርበት ሰዓት ሲደርስ በሽቦ ብሩሽ ይቦርሹታል፤ ነጩ የኖራ ቆዳ ይለቅና የአሸዋው ቀለም ብቅ ይላል። ቶሎ ከጀመሩት ይቦጫጨራል፣ ከዘገዩ ብሩሹ አይነክሰውም። ውርጭ በሚጥልበት ወር ኖራ አይነካም፣ ጠራራ ፀሐይ ላይም እንደዚያው። መነጽር ሳታደርጉ ደግሞ እንዳትሞክሩት፤ ዓይን ያጠፋል።

ክርክራችንን የቋጨው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የቤት ውጫዊ መልክ ሲቀየር ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ ቅጹ ላይ አንዱን መርጦ መጻፍ ግድ ሆነ። ባለቤቴ ጓሮውንና በረቱን ወሰደ፣ የመንገዱ ፊት ሊለሰን ተስማማን። ቀለም በሚለው ቦታ ላይ «የአካባቢው አሸዋ» ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊዋ አንብባ «ይሄማ ቀለም አይደለም፣ ናሙና ያምጡ» አለችኝ። አሸዋውን በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቱን የሚከፍቱት ረቡዕ ጠዋት ነው።